ፈሪ የጎዳና ውሻ ቤት አምጥቶ ማላመድ፦ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የጎዳና ውሻ አንስቶ ቤቱ ያመጣል። ብዙው በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል። «ምግብ ሰጠኋት፣ ቤት ሠራሁላት፣ አሁንም ስታየኝ ትሸሻለች» ይለኛል። ምን እንዳደረገ ስጠይቀው ታሪኩ ሁሌም ይመሳሰላል። በአራተኛው ቀን ስትበላ አይቶ «ለመደችኝ» ብሎ እጁን ዘርግቷል።

በላች ማለት አመነች ማለት አይደለም። ራባት ማለት ነው።

ይህ መመሪያ አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ፣ ግቢ ባለው ቤት ውስጥ፣ ድንጋይና ዱላ እየሸሸች ላደገች ውሻ የተጻፈ ነው። እኔ ውሻዬን ዳማን ያመጣኋት ሰሚት አካባቢ ካለ ጅምር ሕንፃ ነው። መጀመሪያ ራሷ መጥታ እስክትነካኝ ድረስ 7 ሳምንት ፈጅቷል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ሳምንት የባከነው በእኔ ጥድፊያ ነው። እናንተ እንዳታባክኑት ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ።

ከመውሰዳችሁ በፊት

ባለቤት እንደሌላት አረጋግጡ። በከተማችን ቀን ቀን መንገድ ላይ የሚውሉ ብዙ ውሾች ማታ የሚገቡበት ቤት አላቸው። የሰፈሩን ሱቅ፣ ዘበኞችን፣ ጀብሎ የሚያዞሩ ልጆችን ጠይቁ። በቅርብ የወለደች መሆኗንም እዩ። ጡቷ ካበጠና ከተንጠለጠለ የሆነ ቦታ ቡችሎች አሏት። እነሱን ሳታገኙ እሷን ብቻ አትውሰዱ።

የታመመች ውሻ ለዩ። ምራቋ የሚዝረከረክ፣ መንጋጋዋ የተንጠለጠለ፣ ስትራመድ የምትንገዳገድ፣ ድምፅዋ የተለወጠ፣ ያገኘችውን ነገር ሁሉ የምትነክስ ከሆነ አትጠጓት። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ልጆችን ከአካባቢው አርቁና ለወረዳው ወይም ቅርብ ላለ የእንስሳት ክሊኒክ አሳውቁ። ፈሪ ውሻ ትሸሻለች እንጂ አሳድዳ አትነክስም።

ቤተሰቡን አስማሙ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ቶሎ የሚወድቁት። እናንተ አንድ ወር የገነባችሁትን አንድ ሰው በአንድ የመጥረጊያ ምት ያፈርሰዋል። ልጆቹን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ዘበኛውን፣ ግቢ ውስጥ ያለውን ተከራይ ሰብስቡና ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ማንም አይመታትም፣ ማንም አይጮህባትም፣ ማንም አያሳድዳትም። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

«ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም» የሚል ቤተሰብ ካላችሁ አትጣሉ። በሃይማኖትም በልማድም የተለመደ ነው፤ ለፈሪ ውሻ ደግሞ ግቢው ይሻላታል። የሰው ድምፅና ኮቴ ከሚበዛበት ሳሎን ይልቅ ጸጥ ያለ ጥግ ትመርጣለች።

ጊዜያችሁን ቁጠሩ። የሚሠራበት ግምት 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር ነው። በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርዳል። በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ትለምዳለች። በ3 ወር ቤቴ ማለት ትጀምራለች። ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ዕድሜው ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ያልቀረባት ውሻ ዓመትም ሊፈጅባት ይችላል። ይህን መጠበቅ የማትችሉ ከሆነ ሰው የማትፈራ ውሻ ውሰዱ። እሷም ቤት ትፈልጋለች።

ደረጃ 1፦ ቦታውን አዘጋጁ

ይህ ሁሉ ውሻዋ ከመምጣቷ በፊት ማለቅ አለበት። ከመጣች በኋላ መዶሻ የምታነሱ ከሆነ ፍርሃቷን ታባብሳላችሁ።

ከግቢው በር፣ ከጄነሬተር እና ከማድ ቤት የራቀ ጥግ ምረጡ። በሦስት በኩል የተዘጋና ጣሪያ ያለው መደበቂያ ሥሩ። የእንጨት ሣጥን ይሆናል፤ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ባዶ ክፍል ካለም ጥሩ ነው። ወለሉን በእንጨት ርብራብ ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ይገባል። ውስጡ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ አንጥፉ። ውሻዋ ውስጥ ሆና የሚመጣውን ሰው ማየት መቻል አለባት። ከኋላዋ ማንም የማይመጣባት፣ ከፊቷ ሁሉን የምታይበት ቦታ ነው የሚያረጋጋት።

አጥሩን ዙሩት። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጣውላ ድፈኑ። አጥር ሥር የተከመረ ማገዶ፣ በርሜልና ብሎኬት አንሱ፤ የደነገጠች ውሻ እንደ ደረጃ ትጠቀምባቸዋለች።

በሰንሰለት አትሰሯት። ይህ ልማድ በሰፈራችን የተለመደ ነውና አጥብቄ እናገራለሁ። የፈራች ውሻ ሁለት ምርጫ አላት፦ መሸሽ ወይም መንከስ። ስታስሯት መሸሹን ወሰዳችሁባት። የቀራት ጥርሷ ነው።

ምግቡን አሰናዱ። ለየዕለት ምግብ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝ ከሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ ወይም ከእንቁላል ጋር ይበቃል፤ ደረቅ የውሻ ምግብ ካገኛችሁ ይቀልላችኋል። ለማላመጃ የሚሆነው ግን የተለየ ነው። የተቀቀለ ጉበት ወይም ሥጋ የሽምብራ ፍሬ በሚያህል መጠን ይከተፍ። ይህን ሥጋ ከእናንተ ሌላ በምንም መንገድ ማግኘት የለባትም።

የማይሰጣትን እወቁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። ስለዚህ የተረፈ ወጥ አይሰጣትም፤ ሽሮም ቢሆን። የተቀቀለ አጥንት ተሰነጣጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብ ይከለከላሉ። ጥሬ ጉበትና ሳንባ በጭራሽ አትስጡ። በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው በውሃ የተሞላ እጢ ውስጥ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል እጭ አለ። ውሻዋ ጥሬውን ከበላች ትሉ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሯ ወጥቶ ወደ ልጆቻችሁ ይተላለፋል።

የምትጾሙ ከሆነ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሥጋ ቀቅላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። 55 ቀን ረጅም ነው። በመሃል ሥጋው ቢቋረጥ ማላመዱም አብሮ ይቋረጣል።

ደረጃ 2፦ ማምጣትና ማሳከም

ሮጣችሁ አትያዟት። በገመድ አንቃችሁ አትጎትቷት። የመጀመሪያው ትዝታዋ እናንተ እንዳትሆኑ።

ባለችበት ቦታ ለአንድ ሳምንት ያህል በተመሳሳይ ሰዓት ምግብ አስቀምጡላት። ከዚያ በሩ ክፍት የሆነ የውሻ መያዣ ሣጥን አጠገብ አስቀምጡ። ቀጥሎ በሩ ላይ። ቀጥሎ ውስጥ። ገብታ ስትበላ በሩን ዝጉትና ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑት። ጨለማው ያረጋጋታል።

ከዚያ ቀጥታ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። ቤት ካመጣችኋት በኋላ እንደገና ይዞ ማውጣት መከራ ነው። ሐኪሙ በአንድ ጉዞ የሚሠራው ብዙ ነው፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የሌሎች በሽታዎች ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ የመዥገርና የቁንጫ መድኃኒት። ጤንነቷ ከፈቀደ ማምከኑንም ተነጋገሩ። የውሻ እርግዝና 63 ቀን አካባቢ ብቻ ነው፤ አንድ ውሻ አመጣሁ ብላችሁ በሁለተኛው ወር ሰባት ሊሆኑ ይችላሉ። የእብድ ውሻ ክትባቷን ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ አሳድሱ፤ ወረቀቱን አስቀምጡ።

ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት ወይም የከብት መርፌ በግምት አትስጡ። መጠኑ ትንሽ ቢሳሳት ይገድላታል።

ቤት ስትደርሱ የሣጥኑን አፍ ከመደበቂያዋ ጋር አግጥሙ። በሩን ክፈቱ። ሂዱ። ጎረቤት ጠርታችሁ አታሳዩ። ፎቶ አታንሱ። ብትሸትም አታጥቧት፤ መታጠቢያው ከወር በኋላም ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

በእነዚህ ቀናት የእናንተ ሥራ ምግብና ውሃ አድርሶ መመለስ ነው። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ካላችሁ ሁሌም በዚያው ሰዓት ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ይመደብ። ሳህኑን አስቀምጡ፣ ዓይኗን አትዩ፣ ውጡ። «ነይ፣ ነይ» አትበሉ። ተደብቃ ከቆየች ተውዋት። ከመደበቂያዋ ፈጽሞ ጎትታችሁ አታውጧት። እጃችሁንም ወደ ውስጥ አትስደዱ።

በመጀመሪያው ቀን ላትበላ ትችላለች። ሌሊት ሰው ሲተኛ ብቻ የምትበላም አለች። አትጨነቁ። ሳህኑን ከ30 ደቂቃ በኋላ አታንሱባት፤ ሌሊቱን ይደርባት። ውሃ ግን ሁልጊዜ ይኑር። በ24 ሰዓት ውስጥ ውሃ ካልቀመሰች፣ ወይም 3 ቀን ሙሉ ካልበላች ሐኪም ጥሩ። ቡችላ ከሆነች አንድ ቀንም አትጠብቁ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ካያችሁ በዚያው ሰዓት ውሰዷት።

መቼ እንደምትፈራ ማንበብ ተማሩ

ከዚህ በኋላ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚሠሩት ውሻዋን ማንበብ ከቻላችሁ ነው። ጅራቷ በእግሮቿ መሃል መግባቱን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚያልፋቸው ረቂቆቹ ምልክቶች ናቸው።

ምግብ ሳይኖር ከንፈሯን ትልሳለች። እንቅልፍ ሳይመጣባት ታዛጋለች። ፊቷን ታዞራለች፣ ዓይኗ ግን እናንተ ላይ ነው፤ የዓይኗ ነጩ ይታያል። ጆሮዋ ወደ ኋላ ይለጠፋል። አንድ የፊት እግሯን አንስታ ትቆማለች። እነዚህ ሁሉ «በቃ፣ አትጠጉኝ» ማለት ናቸው። ስታዩ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ከሁሉም አደገኛው ድርቅ ብሎ መቆም ነው። ሰው «ተረጋጋች፣ ዝም ብላ ቆመችልኝ» ብሎ ያስባል። መተንፈሷን እዩ። አፏ ከተዘጋ፣ ሰውነቷ ከተገተረ፣ ዓይኗ ካልተንቀሳቀሰ ልትነክስ ትችላለች። የተረጋጋች ውሻ አፏ ገርበብ ይላል፣ ጅራቷ ይላላል፣ መሬት ታሸታለች፣ ትንጠራራለች።

ስታጉረመርም አትቅጧት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጣ ካስቆማችሁት ፍርሃቷ አይቀንስም። በሚቀጥለው ጊዜ ሳታስጠነቅቅ ትነክሳለች።

ደረጃ 4፦ ተቀመጡ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ብዙ የውጭ አገር መመሪያ «ከውሻዋ ፊት ቁጢጥ በሉ፣ አጭር ሆናችሁ ታዩ» ይላል። ለሌላ ውሻ ጥሩ ምክር ነው። በእኛ ሰፈር ላደገች ውሻ ግን ጎንበስ ያለ ሰው ማለት ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ማለት ነው። መንገድ ላይ ሞክራችሁት ታውቁ ይሆናል፤ እጃችሁ ባዶ ቢሆንም ጎንበስ ስትሉ ውሻው እግሬ አውጪኝ ይላል። እኔ ዳማን በመጀመሪያው ሳምንት ያስበረገግኳት በዚህ ነው። ሳህን ላነሳ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የተሠራው ሁሉ ይፈርስ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. በርጩማ ከመደበቂያዋ 5 ወይም 6 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡ። በርጩማው ቀንም ሌሊትም እዚያው ይደር፤ ትልመደው።

2. በዝግታ መጥታችሁ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን። እጃችሁ ጉልበታችሁ ላይ ይታይ። ኪስ ውስጥ አታስገቡት።

3. አትመልከቷት። ስልካችሁን ድምፁን አጥፍታችሁ አንብቡ፣ ወይም ዳዊት ድገሙ፣ ወይም ጋዜጣ ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ። ለስላሳ፣ ያልተቆራረጠ ድምፅ ትልመድ።

4. ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆዩ። በቀን ሁለቴ። ከዚያ በላይ አይጠቅምም።

5. ከመነሳታችሁ በፊት ሁሌም አንድ ቃል በሉ። እኔ «ልነሳ» እል ነበር። ቀጥሎ ሥጋ ጣሉላት። ከዚያ በዝግታ ተነሱ። ውሎ አድሮ ቃሉን ስትሰማ መነሳታችሁ አያስደነግጣትም።

ሥጋው እንዴት ይጣላል? ክንዳችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ አትወርውሩ። ያ የድንጋይ ውርወራ ነው። ከጉልበታችሁ በታች፣ በእጅ አንጓ ብቻ፣ መሬት ላይ አንከባልሉት። ካላችሁበት ወንበር ሳትነሱ።

ወዴት ይጣላል? ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ከእሷ በስተኋላ። ይህ ለብዙ ሰው ግራ ነው፤ «እኔ እንድትቀርበኝ እፈልጋለሁ፣ ለምን አርቃታለሁ?» ይላል። ሥጋ እየጎተተ ወደ እናንተ ያመጣት ውሻ በልታ ስትጨርስ ራሷን አጠገባችሁ ታገኘዋለች፤ ትደነግጣለች። ሥጋው ኋላዋ ሲወድቅ ግን ዞር ብላ ትበላለች፣ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ በራሷ ፈቃድ ትመለሳለች። ያቺ መመለሷ ናት የምትቆጠረው።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ የእናንተ መምጣት፣ ቀጥሎ ሥጋው። መጀመሪያ ሥጋው ታይቶ ቀጥሎ እናንተ ከመጣችሁ ሥጋው ራሱ የመጥፎ ነገር ምልክት ይሆንባታል። እጃችሁ ወደ ፌስታል ሲገባ ብትሸሽ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ሥጋውን ኮሽ በማይል ዕቃ አድርጉና ከመምጣታችሁ በፊት እጃችሁ ውስጥ ያዙት።

በርጩማውን መቼ ታስጠጋላችሁ? እናንተ ባላችሁበት በሦስት ተከታታይ ጊዜ ተረጋግታ ከበላች በኋላ። ያኔም ግማሽ ሜትር ብቻ። ርቀቱን በደብተር ጻፉ። በስሜት ስትሄዱ ትቸኩላላችሁ፤ ቁጥሩ ያግዳችኋል። ወደ ኋላ ካለች በርጩማውን ወደ ቀድሞው ቦታ መልሱ። ይህ ደረጃ ሁለት ሳምንትም ሁለት ወርም ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ከእጅ መብላት

አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስትደርስ ሥጋውን መሬት ላይ፣ ከጫማችሁ አጠገብ አድርጉ። ስትለምድ ከእጃችሁ አጠገብ። ከዚያ መዳፋችሁን ገልብጣችሁ መሬት ላይ ዘርጉ፤ ሥጋው መዳፉ ላይ ይሁን። እጃችሁ ወደ እሷ አይሂድ። እሷ ወደ እጃችሁ ትምጣ።

የኋላ እግሮቿን እዩ። የኋላ እግሯ ወደ ኋላ ቀርቶ አንገቷ ብቻ ከተዘረጋ ሆዷ እየፈለገ ልቧ እየፈራ ነው። እጃችሁን አታንቀሳቅሱ። ቀጣዩን ሥጋ ከመዳፋችሁ ወጣ አድርጋችሁ መሬት ላይ፣ ትንሽ ወደ እሷ አስጠግታችሁ አስቀምጡ። በማግስቱ አራቱም እግሯ አብሯት ይመጣል።

አንዳንድ ሰው በረጅም ማንኪያ ያበላል። ዱላ የማትፈራ ከሆነ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ማማሰያ ስታይ የምትሸሽ ከሆነ ተዉት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ንክኪ

ከእጃችሁ በተከታታይ ለአንድ ሳምንት ሳትሳቀቅ ከበላች በኋላ ጀምሩ።

ራሷን አትንኩ። ከላይ የሚወርድ እጅ ሁሉ ለእሷ ምት ነው። በጎን በኩል፣ ደረቷን ወይም ትከሻዋን፣ በጣቶቻችሁ ጀርባ ንኩ። 3 ሰከንድ ብቻ። ከዚያ እጃችሁን አንሱና ጠብቁ።

አሁን የምትመልሰው እሷ ናት። ጠጋ ካለች፣ ሰውነቷን ካስደገፈች፣ በአፍንጫዋ እጃችሁን ከገፋች ደግሞ 3 ሰከንድ ንኩ። ዝም ካለች ወይም ከንፈሯን ከላሰች ለዛሬ በቃ። ሸሽታ ከሄደች አንድ ሳምንት ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

አትቀፏት። ፊታችሁን ወደ ፊቷ አታስጠጉ። ልጆች ይህን ደረጃ የሚጀምሩት እናንተ ከጨረሳችሁ ከወር በኋላ ነው። ያኔም ተቀምጠው፣ ትልቅ ሰው አጠገባቸው እያለ። ስትበላና ስትተኛ ማንም አይንካት።

ደረጃ 7፦ ማሰሪያና ግቢ

የደረት ማሰሪያ ከአንገት ማሰሪያ ይሻላል። የደነገጠች ውሻ ወደ ኋላ ስትጎትት የአንገቱ ያንቃታል፣ ወይም ተንሸራቶ ይወጣል። ማሰሪያውን ለሦስት ቀን ከምግብ ሳህኗ አጠገብ ብቻ አስቀምጡት። ቀጥሎ ጀርባዋ ላይ ጣል፣ ሥጋ፣ አንሱ። ቀጥሎ ቆልፉት፣ ሥጋ፣ ፍቱት። ገመዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ እየጎተተችው ትዙር፣ እናንተ አጠገቧ እያላችሁ።

ስልክ ቁጥራችሁን የጻፋችሁበት ታርጋ እሰሩላት። የግቢው በር በሚከፈት ቁጥር አንድ ሰው ውሻዋ የት እንዳለች ይይ። መኪና ሲገባና ሲወጣ የሚያመልጡት ይበዛሉ።

መጥረጊያ፣ ጃንጥላ፣ የአትክልት ጎማ፣ እነዚህን ለየብቻ አለማምዷት። መጥረጊያው ሩቅ መሬት ላይ ተጋድሞ እያለ ሥጋ ትብላ። ሌላ ቀን ቆሞ። ሌላ ቀን በሰው እጅ፣ ሳይንቀሳቀስ። እንግዶችንም እንዲሁ፦ አንድ በአንድ፣ ተቀምጠው፣ ሳያዩዋት።

ችግር ሲያጋጥም

ከነከሰች። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ጭረት ብትሆንም። ነዳጅ፣ ቅቤ፣ ቅጠል አትቀቡ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲሰጥ ነው። ጸበል የምትሄዱ ከሆነ ሂዱ፣ ክትባቱን ግን አንድም ቀን አታዘግዩ፣ አንድም መርፌ አታቋርጡ። ውሻዋ ተከትባለች ብላችሁም አትቅሩ።

ውሻዋን አትግደሏት፣ አታባርሯትም። ዝግ ቦታ አድርጋችሁ 10 ቀን ተከታተሉ። ስትነክስ በሽታው በምራቋ የሚተላለፍበት ደረጃ ላይ ከነበረች በእነዚህ ቀናት ውስጥ ምልክት ታሳያለች ወይም ትሞታለች። 10 ቀን ጤነኛ ሆና ካለፈች ይህን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከገደላችኋት ወይም ከጠፋች ይህ መረጃ ይቀርባችኋል።

ካመለጠች። አታሳድዷት። የሰፈር ልጆችም አያሳድዷት። ስሟን እየጮሃችሁ አትሩጡ። የተኛችበትን ብርድ ልብስና የለመደችውን ምግብ በሩ አጠገብ አስቀምጡ። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ በርጩማችሁን ይዛችሁ በተለመደው ሁኔታ በጎን ተቀመጡ። ብዙዎቹ ከሰፈሩ አይርቁም። ወደነበረችበት የመጀመሪያ ቦታም ሄዳችሁ እዩ።

ለእናንተ ብቻ ለምዳ ሌላውን ሰው ከፈራች። የተለመደ ነው። ሁለተኛው ሰው ከደረጃ 4 ይጀምር። እናንተ ያሳለፋችሁትን ጊዜ ግማሽ አካባቢ ይፈጅበታል። አባወራውን ብቻ የምትፈራ ካለች ከዚህ በፊት የጎዳት ወንድ ሊሆን ይችላል። እሱ ራሱ ምግቧን ያቅርብ፣ ሌላው ሁሉ ያቁም።

ድንገት ወደ ኋላ ከተመለሰች። መጀመሪያ ሕመም ጠርጥሩ። ጆሮዋን፣ ጥርሷን፣ እግሯን ሐኪም ይይ። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። ዳማ በአምስተኛው ሳምንት እንደገና መደበቅ ጀመረች። ምክንያቱን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ጎረቤት ግንብ እየሠራ ነበር፤ ድንጋይ ሲፈለጥ ይሰማል። በርጩማዬን ወደ 4 ሜትር መለስኩት።

በሁለት ወር ውስጥ ምንም ካልተለወጠ። እናንተ ባላችሁበት ፈጽሞ የማትበላ፣ ቀኑን ሙሉ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ጭንቀት የሚቀንስ መድኃኒት እንዳለ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። የሰው መድኃኒት አትስጡ። በግቢው ተረጋግታ የምትኖር ሌላ ውሻ ካለችም ትረዳለች፤ ፈሪዋ ከእሷ አይታ ትማራለች።

የበዓልና የክረምት ሌሊቶች

እንቁጣጣሽና ደመራ ላይ ርችት ይተኮሳል። ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ አለ። በበዓል ማግስት ግቢ ውስጥ ደም ይሸታል፣ እንግዳ ይበዛል፣ በሩ ይከፈታል ይዘጋል። ውሾች በብዛት የሚጠፉት በእነዚህ ቀናት ነው።

መስከረም 16 ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት መግቧት። ከ11 ሰዓት በፊት ሰርቪስ ቤት ወይም የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ከብርድ ልብሷ ጋር አስገቧት። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ። ሬዲዮ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። አጠገባችሁ መጥታ ከተደበቀች ተዉዋት፤ አባብሏት። ማባበል ፍርሃትን ያስተምራል የሚሉትን አትስሙ። ሊታረድ የታሰረ በግ ካለም ከእሷ መደበቂያ አርቁት፤ የሚጣለውን ጥሬ ሳንባና ጉበት ደግሞ ወዲያው ቅበሩት።

በማግስቱ ግቢውን ዙራችሁ የተተኮሰ ርችት ቅሪት ልቀሙ። ከዚያ በርጩማውን ባለፈው ሳምንት በነበረበት ቦታ አድርጋችሁ ተቀመጡ።